ውክልናው ሌላ፣ የጥብቅናው ውል ሌላ፦ ጠበቃ ስናቆም የምንፈርምባቸው ሁለት ወረቀቶች

በጅማ ከተማ ጠበቃ የሚያቆም ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወረቀት ይፈርማል። አንደኛውን ሰነድ አረጋጋጭ ፊት ቀርቦ፣ መታወቂያውን አሳይቶ፣ ማኅተም አስመትቶ ይወስደዋል፤ ይህ ውክልናው ነው። ሁለተኛውን በጠበቃው ቢሮ፣ ወንበር ላይ ሳይደላደል፣ ብዙ ጊዜም ሳያነበው ይፈርመዋል፤ ይህ ደግሞ የጥብቅና አገልግሎት ውሉ ነው። ውክልናውን ሁሉም ሰው በፌስታል ጠቅልሎ ከቤት ካርታው ጋር ያስቀምጠዋል። የጥብቅናውን ውል ግን ቅጂውን እንኳ ሳይጠይቅ የሚወጣው ሰው ጥቂት አይደለም፤ ከነጭራሹ በቃል ብቻ ተስማምቶ ገንዘብ የሚቆጥርም አለ። በኋላ ደንበኛንና ጠበቃን የሚያጣላው ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል የሚነሣው ከዚህ ከሁለተኛው ወረቀት ስለሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ ሰፋ አድርጌ ላብራራ የምፈልገው እሱን ነው።

የራሴን ቤተሰብ ጉዳይ ላንሣ። አክስቴ ከባሏ ወንድሞች ጋር በአንድ የውርስ ቤት ትካሰስ ነበር። ጠበቃ አቁማ 40 ሺህ ብር ለመክፈል ተስማማች፤ ግማሹን በዕለቱ፣ ግማሹን ደግሞ ምስክር ከመሰማቱ በፊት ከፈለች። ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ፍርድ ቤቱ ፈረደላት፤ እሷም እልል ብላ ጎረቤት ጠርታ ቡና አፈላች። ወሩ ሳይወጣ ተቃራኒዎቿ ይግባኝ አሉ። ጠበቃው ለይግባኙ ክርክር ሌላ 25 ሺህ ብር ሲጠይቃት ክው ብላ ቀረች። «ልጄ፣ ጉዳዩን ልትጨርስልኝ አልነበር እንዴ የተስማማነው?» አለችው። እሱም «እትዬ፣ ውሉን አብረን እናንብበው» ብሎ አወጣው። ውሉ የሚለው «በዚህ መዝገብ ተከራክሮ እስከ ፍርድ ድረስ ለማድረስ» ነበር። ለአክስቴ «ጉዳዩ» ማለት የቤቱን ቁልፍ እጇ ላይ ማግኘት ነው። ለጠበቃው «መዝገብ» ማለት በሥር ፍርድ ቤት የተከፈተው፣ ቁጥር ያለው አንድ ክርክር ነው። ማንም አልዋሸም። ሆኖም ቀኑን ሙሉ በእነዚህ ቃላት የሚሠራው ጠበቃው እንጂ አክስቴ አይደለችም፤ ስለዚህ የማስረዳቱ ግዴታ ይበልጥ የወደቀው በእሱ ላይ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ እስከ ዛሬም ይህን ሐሳቤን አልቀየርሁም።

ውክልናው የሚሰጠው ሥልጣን

ውክልና ጠበቃው በእርስዎ ስም እንዲናገርና እንዲፈርም የሚያስችል ሥልጣን ነው። ስለ ዋጋ፣ ስለ ክፍያ ጊዜ፣ ወይም ሥራው የት ላይ እንደሚያበቃ ምንም አይናገርም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2205 እንደሚደነግገው ተወካይ ልዩ ሥልጣን ካልተሰጠው በቀር የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥና ማስያዝ፣ መታረቅ፣ ነገርን ለግልግል ዳኛ ማቅረብ፣ ስጦታ ማድረግ፣ እንዲሁም ክስ ማቅረብም ሆነ ለክስ መልስ መስጠት አይችልም። እንግዲህ ጠበቃ በፍርድ ቤት እንዲከራከርልዎ ከፈለጉ ይህ ሥልጣን በውክልናው ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት ማለት ነው።

ችግሩ ያለው ከዚህ ተቃራኒ በሆነው በኩል ነው። ተዘጋጅተው የሚቆዩት የውክልና ቅጾች ሁሉንም ነገር አንድ ላይ ይደረድራሉ፦ «ለመክሰስ፣ ለመከሰስ፣ ይግባኝ ለማለት፣ ለመታረቅ፣ የተፈረደልኝን ገንዘብ ለመቀበል፣ ሌላ ጠበቃ ለመወከል»። ሰው ይህን ሲያነብ እንደ ጸሎት መግቢያ የተለመደ ነገር መስሎት ያልፈዋል። ነገር ግን «ለመታረቅ» የሚለው ቃል ጠበቃው እርስዎ በሌሉበት ከተቃራኒ ወገን ጋር ተስማምቶ መዝገቡን እንዲዘጋ ያስችለዋል። «ገንዘብ ለመቀበል» የሚለውም የተፈረደልዎ ገንዘብ በቅድሚያ በእሱ እጅ እንዲገባ ያደርጋል። እነዚህን መስጠት ሁልጊዜ ስሕተት ነው ማለቴ አይደለም፤ አረብ አገር ሆና እህቷን ለመርዳት የምትከራከር ሴት ሳትሰጥ ልትቀር አትችልም። እዚሁ ጅማ ሆኖ ቀጠሮውን በእግሩ ሄዶ መከታተል የሚችል ሰው ግን መታረቅንና ገንዘብ መቀበልን ለራሱ ቢያስቀር ጠበቃው ሥራውን ለመሥራት አይቸገርም። ቅጹ ከመታተሙ በፊት እነዚህ ቃላት እንዲወጡ መጠየቅ ይቻላል።

«ጉዳዩ» የቱ ድረስ ነው?

አሁን ወደ ጥብቅናው ውል ልምጣ። በውሉ ውስጥ ከገንዘቡ መጠን ይልቅ የሚከብደው ገንዘቡ የትኛውን ሥራ እንደሚሸፍን የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ነው። አንድ የፍትሐ ብሔር ክርክር መንገዱ ረጅም ነው። የክስ ማመልከቻ ይጻፋል፣ መጥሪያ ይደርሳል፣ የመከላከያ መልስ ይመጣል፣ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ (ወደ ዋናው ክርክር ሳይገባ የሚነሣ ተቃውሞ) ካለ ብይን ይሰጥበታል፣ ምስክር ይሰማል፣ ፍርድ ይሰጣል። ከዚያ ይግባኝ ሊኖር ይችላል፤ ከይግባኝ በኋላ ሰበር፣ ማለትም በመጨረሻው ውሳኔ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለ ተብሎ የሚቀርብ አቤቱታ፣ ይከተል ይሆናል። የተፈረደበት ሰው በፈቃዱ ካልፈጸመ ደግሞ አፈጻጸም የሚባል፣ ራሱን የቻለ መዝገብ ይከፈታል፤ ንብረት ማፈላለግ፣ ንብረቱ እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ ማሳገድ፣ በሐራጅ ማሸጥ የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ፍርድ አግኝቶ ገንዘቡን ያላገኘ ሰው በዚህች ከተማ ብዙ ስለሆነ፣ አፈጻጸሙ በውሉ ውስጥ መኖሩንና አለመኖሩን ሳይጠይቁ መፈረም የለብዎትም።

ስለዚህ በውሉ ላይ «ለጉዳዩ» ወይም «ለክርክሩ» የሚል ጥቅል ቃል ብቻ ካዩ፣ ጠበቃውን በአክብሮት «ይህ ክፍያ ይግባኝን ይጨምራል? ሰበርንስ? አፈጻጸሙንስ?» ብለው ይጠይቁት፤ መልሱንም በቃሉ ከሚነግርዎ ይልቅ በአንድ መስመር እንዲጽፈው ያድርጉ። ጨዋ ጠበቃ በዚህ አይከፋም፤ እንዲያውም ኋላ ከሚመጣ ጭቅጭቅ ስለሚያድነው ደስ ይለዋል። ይግባኙ በዚህ ውል የማይሸፈን ከሆነም ቢያንስ አንድ ነገር መጻፍ አለበት፦ ፍርዱ በተሰጠ ጊዜ ጠበቃው ውሳኔውን ወዲያው እንዲያሳውቅዎና ግልባጩን እንዲያወጣልዎ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 323 ይግባኝ ለማቅረብ የሚሰጠው ጊዜ 60 ቀን ነው። በጠበቃና በደንበኛ መካከል «አንተ ትጠይቃለህ ብዬ፣ አንቺ ትደውያለሽ ብዬ» ሲባባሉ ይህ ጊዜ ያለፈበት ሰው መብቱን ያጣው ሳይከራከር ነው።

ክፍያው የሚታሰብበት መንገድ

በጅማ በብዛት የተለመደው አንድ ቁርጥ ዋጋ ተነጋግሮ ከፍሎ ከፍሎ መክፈል ነው። በሰዓት ማስከፈል በአዲስ አበባ በትልልቅ የንግድ ጉዳዮች ላይ ያለ አሠራር ቢሆንም ከአብዛኛው አንባቢ ኑሮ የራቀ ስለሆነ አልዘገይበትም። ቁርጥ ዋጋ ሲሆን መጠንቀቅ የሚያስፈልገው በክፍፍሉ ላይ ነው። ክፍያው በቀን ከታሰረ፣ ለምሳሌ «ቀሪው በጥር 30» ከተባለ፣ መዝገቡ ቢንቀሳቀስም ባይንቀሳቀስም ይከፈላል። በሥራው ደረጃ ከታሰረ፣ ለምሳሌ «ሲሶው ክሱ ሲቀርብ፣ ሲሶው ምስክር ሲሰማ፣ ሲሶው ፍርድ ሲሰጥ» ከተባለ፣ ገንዘቡ ከሥራው ጋር አብሮ ይሄዳል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ገቢው ከቡና የሆነ ገበሬ ግን ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የለቀማ ወቅት ካልሆነ ገንዘብ በእጁ አይገባምና ይህን ለጠበቃው አስቀድሞ መናገር አለበት፤ ክረምት ላይ የሚወድቅ ክፍያ ፈርሞ ኋላ ከአራጣ አበዳሪ ቤት መሄድ የለበትም።

ሰውን ይበልጥ የሚያደናግረው በመቶኛ የሚታሰበው ክፍያ ነው። «10 በመቶ ትከፍለኛለህ» የሚለው ንግግር ቀላል ይመስላል፤ የምን 10 በመቶ የሚለው ጥያቄ ግን ሳይመለስ ይቀራል። አንድ የቡና ነጋዴን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ለአንድ ገዢ በዱቤ ቡና ሰጥቶ 800 ሺህ ብር ቀርቶበታል እንበል፤ የከሰሰውም በዚህ መጠን ነው። ፍርድ ቤቱ ማስረጃውን መርምሮ 500 ሺህ ብር ፈረደለት። በአፈጻጸም ተፈልጎ የተገኘው የባለዕዳው ንብረት ግን 200 ሺህ ብር ብቻ አወጣ። 10 በመቶው ከተጠየቀው ገንዘብ ከታሰበ የጠበቃው ድርሻ 80 ሺህ ብር ነው፤ ከተፈረደው ከታሰበ 50 ሺህ፣ በእጅ ከገባው ከታሰበ 20 ሺህ ብር ነው። በመጀመሪያው አቆጣጠር ነጋዴው ካገኘው 200 ሺህ ላይ 80 ሺህውን ከፍሎ 120 ሺህ ብር ይዞ ይቀራል። ሦስቱም ስሌት ሕጋዊ ስምምነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በውሉ ላይ «10 በመቶ» ብቻ ተጽፎ ከተተወ እያንዳንዱ ወገን ለራሱ የሚመቸውን ያነባል። በእርቅ ቢያልቅስ? ባለዕዳው ገና መጥሪያ ሲደርሰው ፈርቶ ቢከፍልስ? ይህም አብሮ መጻፍ አለበት።

ዋጋው በውሉ ላይ ጨርሶ ካልተጻፈ ጠበቃው ምንም አያገኝም ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሥራውን በሙያው የሠራ ተወካይ ዋጋው ባይወሰንም የድካም ዋጋ እንደሚገባው፣ በመጠኑ ካልተስማሙም ዳኞች በታወቀው ልክና በልማዱ መሠረት እንደሚወስኑት ይደነግጋል። በቃል የተስማማ ሰው እንግዲህ ከክፍያ አያመልጥም፤ የሚያጣው መጠኑን ራሱ የመወሰን ዕድሉን ነው።

ከአበሉ፣ ማለትም ከጠበቃው የድካም ዋጋ፣ ውጭ ያሉትን ወጪዎችም መለየት ያስፈልጋል። የዳኝነት ክፍያ ለፍርድ ቤት የሚከፈል እንጂ የጠበቃው ገቢ አይደለም፤ በገንዘብ ክስ ደግሞ የሚሰላው ከተጠየቀው መጠን ስለሆነ ትልቅ ሊሆን ይችላል። የሰነድ ትርጉም፣ የግልባጭ፣ የባለሙያ ግምት፣ የምስክር መጓጓዣ አለ። ጠበቃው ለምስክር አጋሮ ወይም ለሰበር 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ ቢሄድ የትራንስፖርቱንና የአልጋውን ማን ይችላል? ይህ ካልተጻፈ በየቀጠሮው «ትንሽ ለመንገድ» እየተባለ የሚከፈለው ተደምሮ ከዋናው አበል ጋር ይስተካከላል። ጠበቃው የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆነ የተነጋገሩበት ዋጋ 15 በመቶውን ያካተተ መሆን አለመሆኑን ይጠይቁ።

ለእያንዳንዱ ክፍያ ደረሰኝ ይውሰዱ። ደረሰኙ የሚያስፈልገው ለጠብ ብቻ አይደለም፤ የረታ ወገን ወጪና ኪሳራውን ተሸናፊው እንዲተካለት ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል፤ ዝርዝሩንም በማስረጃ ያቀርባል። ስንት እንደሚወስንለት ግን የፍርድ ቤቱ ሥልጣን ስለሆነ ለጠበቃ የከፈሉትን ሙሉ በሙሉ መልሰው አገኛለሁ ብለው ሒሳብዎን አይሥሩ።

እዚህ ላይ በጽኑ የምናገረው አንድ ነገር አለ። «ዳኛውን አውቀዋለሁ፣ ለእሱ የሚሰጥ ይጨመርበት» የሚል ሰው፣ ጠበቃም ይሁን ደላላ፣ የሚያቀርብልዎ የጥብቅና አገልግሎት አይደለም። ጉቦ መስጠትም መቀበልም ወንጀል ነው፤ ተይዞ የሚጠየቀውም ሰጪው ጭምር ነው። እንዲህ ያለው ገንዘብ በውል አይጻፍም፣ ደረሰኝ የለውም፣ ዳኛው ዘንድ ይድረስ አይድረስም አይታወቅም።

ፈቃዱና ቋንቋው

ከፍርድ ቤት ደጅ ተቀምጠው ማመልከቻ የሚጽፉ ራፖር ጸሐፊዎች ጠቃሚ ሥራ ይሠራሉ፤ ነገር ግን ችሎት ቆመው ሊከራከሩልዎ አይችሉም። ጠበቃ ፈቃድ ያለው ነው። የፌደራል ጠበቆች የሚተዳደሩት በዐዋጅ ቁጥር 1249/2013 ሲሆን ክልሎች ደግሞ በየራሳቸው ፍርድ ቤቶች ለሚከራከሩ ጠበቆች ፈቃድ ይሰጣሉ። በጅማ ይህ ጥያቄ ተራ አይደለም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከራሱ ጉዳዮች በተጨማሪ የፌደራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትንም ሥልጣን ደርቦ ይሠራል። ስለዚህ የጠበቃውን የፈቃድ ደብተር አይተው፣ ጊዜው አለማለፉንና ጉዳይዎ በሚታይበት ፍርድ ቤት የሚያገለግል መሆኑን መጠየቅ ነውር የለበትም።

ቋንቋው ደግሞ ለእኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ዋና ነገር ነው። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ክሱም፣ መልሱም፣ ፍርዱም የሚጻፈው በዚያ ነው። አፋን ኦሮሞን በገበያና በጎረቤት የሚናገሩ ብዙዎቻችን የክስ ማመልከቻ አንብበን ለመረዳት እንቸገራለን፤ የማይናገሩም አሉ። በስምዎ የሚቀርብ ማመልከቻ ከመፈረምዎ በፊት ጠበቃው ቃል በቃል በአማርኛ እንዲያነብልዎ፣ የፍርዱንም ፍሬ ነገር በጽሑፍ እንዲተረጉምልዎ በውሉ ይካተት። የጥብቅናው ውል ራሱ ግን በሁለታችሁ መካከል ያለ ስምምነት ስለሆነ በአማርኛ ሊጻፍ ይችላል፤ በማያነቡት ቋንቋ የተጻፈ ውል አይፈርሙ። በወንጀል የተከሰሰ ሰው ችሎቱ በማይገባው ቋንቋ ከሆነ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘት መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ተሰጥቶታል።

ሳይስማሙ ሲቀር

ውክልናን መሻር የወካዩ መብት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 2226 ወካዩ በፈለገ ጊዜ ውክልናውን ሊያነሣና የውክልና ጽሑፉን እንዲመልስለት ሊጠይቅ እንደሚችል ይናገራል፤ «ውክልናው አይሻርም» የሚል የውል ቃልም አያስረውም። መሻሪያው እንደ መስጫው ሁሉ በሰነድ አረጋጋጭ ዘንድ ይደረጋል፤ ይህ ብቻ ግን አይበቃም፤ መዝገቡ ላለበት ችሎት በጽሑፍ ካላሳወቁ ዳኞቹ የቀድሞውን ጠበቃ እንደ እርስዎ አፍ መቁጠራቸውን ይቀጥላሉ።

መሻሩ ውክልናውን እንጂ የገንዘቡን ሒሳብ አይዘጋም። ጠበቃው ለሠራው ሥራ ዋጋ ይገባዋል፤ ያልተሠራ ሥራ ቅድሚያ ከተከፈለበት ደግሞ ተመላሹ እንዴት እንደሚሰላ ውሉ ላይ ከተጻፈ ሁለቱም በቀላሉ ይለያያሉ። ጠበቃውም በበኩሉ ሊተው ይችላል፤ ነገር ግን አስቀድሞ ማስታወቅ አለበት፤ ለነገ ቀጠሮ ዛሬ ማታ ደውሎ «ሌላ ፈልጉ» ማለት አይገባም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ልማድ ይያዙ፤ ለጠበቃው ቅጂ ይስጡ፣ ዋናውን ሰነድ እርስዎ ዘንድ ያስቀሩ። ፍርድ ቤት ዋናውን ከጠየቀ በዚያው ዕለት ይዘው ይቅረቡ። አክስቴ ጠበቃ ለመቀየር ባሰበች ጊዜ ከሁሉ ያስጨነቃት የባሏ የቤት ካርታ በጠበቃው መሳቢያ ውስጥ መሆኑ ነበር። ገንዘቡን ተነጋግረው እስኪጨርሱ ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ ካርታው እጇ ሲገባ ለይግባኙ መልስ ማቅረቢያ የቀራት ጊዜ ጥቂት ነበር።

በሥነ ምግባር ረገድ ቅሬታ ካለ፣ ማለትም ጠበቃው ምስጢር ካወጣ፣ ለሁለቱም ወገን ከሠራ፣ ወይም የተቀበለውን ገንዘብ ካላስረከበ፣ አቤቱታው የሚቀርበው ፈቃዱን ለሰጠው የፍትሕ አካል ነው።

መክፈል ለማይችል

በወንጀል ተከሶ ጠበቃ ለማቆም አቅም ያጣና በዚህም ምክንያት ፍትሕ ሊጓደልበት የሚችል ሰው መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ያው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ይደነግጋል፤ ይህን ለችሎቱ በቃል መጠየቅ ይቻላል። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው በድኻነት ለመክሰስ ፈቃድ መጠየቅ እንዲችል የሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 467 ጀምሮ መንገዱን አስቀምጧል፤ ፍርድ ቤቱ ሀብቱን አጣርቶ ነው የሚፈቅደው፤ ስለዚህ ያለውን ንብረት ሳይደብቅ መዘርዘር አለበት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌደራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57 ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ግዴታ ጥሎ ነበር፤ በነፃ ያገለግሉ እንደሆነ ጠበቃን መጠየቅ ልመና ተደርጎ መታየት የለበትም። እዚሁ ከተማ ደግሞ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት በነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከሎቹ ምክር ይሰጣል፣ ማመልከቻ ይጽፋል። ወደዚያ የሚሄድ ሰው መታወቂያውን፣ ያለውን ማስረጃ ቅጂ፣ ከቀበሌው ያገኘውን የአቅም ማነስ ማስረጃ፣ መዝገብ ከተከፈተ ደግሞ የመዝገቡን ቁጥርና የሚቀጥለውን ቀጠሮ ቀን ጽፎ ይያዝ።